ባለ ሁለት አፍ

ሰኞ ከሰዓት ነው፣ ካፊያ እየጣለ፣
ደገፋ ቶርኖ ቤቴ መጣ፣ ጆንያ እንዳዘለ።
ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ መንገድ ዳር፣
ከጎማ ቤቱና ከብሎኬት ማምረቻው መሐል ነው የኔ በር።
ጆንያው ሲፈታ ወጣ አሮጌ ጠመንጃ፣
ከጎኑ የታጠፈ የፈቃድ ማስረጃ።
ሁለት ስም አለበት በአንድ ማኅተም ሥር፦
ደገፋና ሁንዴ፣ የአንድ ሆድ ፍሬ፣ የአንድ አጥር።

«አባቴ» አለኝ «ሲሞት፣ መሬቱን አካፍሎ፣
ይህን ግን መክፈል አቃተው፤ ሰጠን አንድ ላይ ጠቅልሎ።
የቀኙ አፍ የኔ፣ የግራው የሁንዴ፣
አንዱ ያለ አንዱ፣ አንዴ
እንኳ እንዳይተኩስ።
ጃርት ማባረሪያ ነበር በደጉ ዘመን፣
ጠጠር እርሳስ እየረጨ፣ ገብሱን ሲጠብቅልን።
አሁን በየአፉ አንድ ፍሬ፣ አንድ ጥይት ይኑረው፤
ብትን በቃኝ፣ ወንድሜ፤ ያለኝ ሁሉ ብትን ነው።»

«አይሆንም» አልኩት፣ «ይቅርብህ፣
ቆዳው ስስ ነው፣ አርጅቷል፣ ይፈነዳል ፊትህ።»
አልሄደም። ተቀመጠ በግሪስ ባልዲ ላይ፣
ዝናቡ እስኪያባራ፣ ከዚያም አልፎ፣ መዳፉን ሲያይ።
ተሸነፍኩ።

አንድ ወር፣ መብራት ባለ ጊዜ፣ ማታ ማታ፣
ቶርኖው ሲዞር፣ ፍቅፋቂው እንደ ፀጉር ሲፈታ፣
በአሮጌው ጉሮሮ አዲስ ጉሮሮ ሰካሁ፣
ሲጠብ ሞርጄ፣ ሲላላ ነቅዬ፣ ሰድቤ ለመንሁ።
ጋሽ ተካልኝ፣ አቃቂ ያስተማረኝ አለቃ፣
«ጎን ለጎን የታሰረ ሁሉ አንድ ቦታ አይደርስም» ይል ነበር፣ «ልጄ፣ ንቃ፤
እኩል ለእኩል ከሄዱ እስከ ምፅአት አይገናኙም፣
ትንሽ ዘንበል፣ ትንሽ ወደ እርስ በርስ... ያለዚያ አይሆንም።
ከበዛ ደግሞ ይጠላለፋሉ፣ ገና ሳይደርሱ፣
ሁለቱም የሌላውን ቦታ ሲወርሱ።»
በሁለቱ አፍ መሐል ሽብልቅ አለች፣ ከጥፍር የምታንስ፣
የሁሉ ነገር ዳኛ እሷ ናት፣ ስትገፋና ስትመለስ።

«ሲሞከር ሁንዴ ይምጣ» አልኩ፣ «ፈቃዱ የሁለት ነው።»
ዝም አለ። ከተኳረፉ አሥራ አንድ ዓመት ነው፤
የመንገዱ ካሳ፣ የአባታቸው ቤት የፈረሰበት፣
አንዱ የፈረመበት፣ አንዱ የወሰደበት።

እሑድ ንጋት ላይ በድንጋይ ካባው፣
ሁንዴ በባጃጅ መጣ። ሰላምታ የለ፤ ኮፍያውን ወደ ዓይኑ ሳበው።
ዒላማችን በር ነው፣ የዚያው የፈረሰው ቤት በር፣
ደገፋ ያተረፈው፣ እስከ ዛሬ በሸራ ሥር።
ሁለት ምላጭ አለው፦ የፊተኛው የታላቅ፣ የኋላው የታናሽ፣
ግንድ ላይ አሰርኩት፤ በሲባጎ ይስቡ፣ ከጎማ ክምር ኋላ፣ እኔም ራቅ ብዬ ስሸሽ።
ደገፋ ሳበ። ገደሉ መለሰ።
ሁንዴ ሳበ። ቁራው ሁሉ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ ገሰገሰ።

አልፈነዳም። ተነፈስኩ፣
ወደ በሩ ሮጥን፣ እኔ ቀድሜ ደረስኩ፦
ሁለት ቀዳዳ፣ በመሐላቸው አራት ጣት፣
ከመወርወሪያው በላይ፣ እንደ ዓይን ተገልጠው ባንድ ፊት።
የቀኙ በግራ አርፏል፣ የግራው በቀኝ፤
ሽብልቋ አንሳ ተጠላልፈዋል፤ ይህ ለኔ ብቻ ታየኝ።

ሁንዴ ጣቱን ሰደደ በግራው ቀዳዳ፦ «ይህ የኔ።»
«የኔ ነው» አለ ደገፋ፣ «አይቻለሁ በዓይኔ።»
«አንተማ መቼም!» «አንተስ?» በአሥራ አንድ ዓመት የመጀመሪያ ቃላቸው።
ስድብ ነበር፤ ግን ቃል ነው። ዝም አልኩ፤ አልገላገልኳቸው።
ፀሐይ ወጣች፤ በቀዳዳዎቹ አሾልቃ፣ ሁለት ሳንቲም የምታህል ብርሃን
ጣለች፣ አንዷን በደገፋ ክንድ፣ አንዷን በሁንዴ ሸሚዝ። እነሱ ግን
ከጥይቱ አልፈው ስለ አጥሩ፣ ስለ ጥጃዋ፣
ስለ እናታቸው ተዝካር፣ ማን ስንት እንዳዋጣ...
መዶሻዬን ጆንያ ውስጥ ከተትኩ፤
የማን የማን እንደሆነ ልናገር ብዬ፣ ተውኩ።

ማታ ሁንዴ ደወለ፦ «ግማሽ ክፍያው ከኔ፤ ግን ቀንስ።»
ደገፋም ደወለ፣ ያንኑ ቃል፣ ያንኑ ሳል፦ «ግማሹ ከኔ፤ ግን ቀንስ።»
ጠመንጃው ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ሽብልቋን ይዣለሁ።
አራት ጣት ቀርቶታል። ለሚቀጥለው እሑድ፣ ሁለታችሁም ኑ ብያለሁ።